ከሶፊ የመጡ ስድስት ቄቦች

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ከእኔ ጋር ቤት መዋል መረራት። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነበርኩ፤ ድንገት ቤት ስቀር እጄን የማደርግበት አጣሁ። የጓዳውን ዕቃ በቁመት በቁመቱ ደረደርኩት፤ እሷ መልሳ እንደ ቀድሞው አደረገችው። የጓሮውን በር ቀለም ቀባሁት፤ ሳይደርቅ ነጠላዋ ነካው። ያን ቀን ነጠላዋን በነጭ ጋዝ እያሸች፣ «አንተ ሰው፣ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ፈልግና እሱን ተከታተል፤ እኔን ተወኝ» አለችኝ።

ዶሮ ለማርባት ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። አቦከር ሰፈር ያለው ቤታችን ከቅድመ አያቴ የወረደ ነው፤ ጓሮው ሰፊ ባይሆንም የድንጋይ አጥርና አንድ የጊሽጣ ዛፍ አለው፤ ለስድስት ለሰባት ዶሮ ይበቃል። የምፈልገው እንቁላል ነበር። ጫጩት ላሳድግ ብል ጊዜ ይፈጃል፤ ያረጀች ብገዛ አትጥልም። ስለዚህ ቄብ መግዛት እንዳለብኝ ወሰንኩ። ቄብ ማለት ለመጣል የደረሰች፣ ግን ገና ያልጀመረች ዶሮ እንደሆነች አውቃለሁ። ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አላወቅሁትም።

ሸዋ በር ገበያ ሄጄ አራት ዶሮ መረጥኩ። የመረጥኩት ብርቱካን እንደሚመርጥ ሰው ነው፤ ወፈር ያለችውን፣ ቀለሟ ደመቅ ያለውን። ሻጩ፣ «ቄብ ናቸው ጋሼ፣ በዚህ ሰሞን ይጀምሩልዎታል» አለኝ። አመንኩት። ቤት አምጥቼ ቆጥ ሠራሁላቸው፤ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ውስጥ ጭድ አንጥፌ መጣያ አዘጋጀሁ፤ ጠዋትና ማታ ሳጥኑን አጎንብሼ ማየት ሥራዬ ሆነ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ዶሮዎቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። እንቁላል የሚባል ነገር የለም።

ለገና ሁለቱ ታረዱ፤ ባለቤቴ ወጥ ሠራች። ድስቱ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ እሳት ላይ ዋለ፤ ሥጋው አሁንም ጥርስ ይመልሳል። ማንኪያውን አስቀመጠችና፣ «እነዚህ ቄብ ከሆኑ፣ እኔም ገና ኮረዳ ነኝ» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን ከነከነኝ። የቀሩት ሁለቱ ለጥምቀት ሄዱ።

ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተገነጣጠለ መጽሐፍ ሲኖረው እኔ ነበርኩ የምወስድላቸው። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ እኔ ግን ቤቱን መጎብኘት አልተውኩም። ባለቤታቸውን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ አስተማሪ ይሉኛል። ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የእማማ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ከተጋረዱ ቆይተዋል፤ ከደጃፍ የገባውን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ልጃቸው ሦስት ዓመት ሙሉ በቀዶ ሕክምና ይነሣ ብላ ለምናቸዋለች። «ያመጣው አላህ ያንሣው» እያሉ ይመልሷት ነበር። እውነቱ ግን፣ እሷ እንደምትለው፣ ዓይናቸውን ስለት እንዳይነካው ይፈራሉ።

ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ የዶሮዎቹን ታሪክ አወራኋቸው። እስኪበቃቸው ሳቁና እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር። እግራቸው ምን ይመስል ነበር? አላየሁትም። ስታነሣቸው ይከብዳሉ ወይስ ይቀላሉ? አላነሣኋቸውም፤ ሻጩ ነው እግራቸውን አስሮ የሰጠኝ። የዳሌ አጥንታቸውስ? የት እንዳለም አላውቅም። ለካ እማማ ዓይናቸው ሳይደክም በፊት አርባ ዓመት ያህል በዚያች ግቢ ዶሮ ሲያረቡ ኖረዋል፤ እኔ ስመላለስ የማየው መጽሐፉን ብቻ ነበር።

«ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሶፊ፣ ቄብ የምታሳድግ ሴት አውቃለሁ» አሉ። «ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።»

ልጃቸው ጣልቃ ገብታ፣ ሳያዩ እንዴት ሊመርጡ ነው፣ መንገዱስ እንዴት ሊሆን ነው ብላ ተከራከረች። እማማ ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው፣ «ዶሮ በዓይን ይመረጣል ያለሽ ማነው? አስተማሪ በዓይኑ መርጦ ምን እንዳገኘ ሰማሽ» አሏት። በዚህ ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ እስከሚገባበት ገባሁና የቀረውን መንገድ ክንዳቸውን ይዤ በእግር አወጣኋቸው። ሶፊ ስንደርስ ሴትየዋ በጫት ማሳዋ ጥግ፣ በሽቦ በታጠረ ቤት ውስጥ አርባ የሚያህሉ ቡኒ ዶሮዎች ነበሯት። የአንድ ቀን ጫጩት ታመጣለች፣ አሳድጋ ቄብ ሲሆኑ ትሸጣለች። ከእማማ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታው ብዙ ቆየ፤ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ ከብቱ ሁሉ ተጠየቀ። ከዚያ እማማ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ከተፈለፈሉ ስንት ወራቸው ነው? አራት ወር ከሁለት ሳምንት። ለፈንግል ተከትበዋል? ተከትበዋል፣ ካርዱም አለ፤ እኔ አነበብኩላቸው። ምን ሲበሉ ነው ያደጉት? መኖውን ጨብጣ አመጣችላቸው፤ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ውሃ አፍስሼላቸው እጃቸውን ታጠቡና፣ «ቢስሚላህ፣ አምጪ» አሏት።

የመጀመሪያዋን ዶሮ ጭናቸው ላይ ሲቀበሉ ለአፍታ ተንፈራፈረች፤ ክንፎቿን በሁለት መዳፋቸው ሲሰበስቡላት ረጋች። ከእግሯ ጀመሩ። የቄብ እግር ባለቤታቸው መጽሐፍ እንደሚያለብሱበት አዲስ ቆዳ ለስላሳ ነው አሉኝ፤ ያረጀች ዶሮ እግሯ ይሻክራል፣ ቅርፊቱ ይነሣል። እጄን ወስደው አስዳሰሱኝ። ቀጥለው ደረቷን ጨበጡ፤ የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ከተሳለ ጠግባ አላደገችም፣ ሥጋ ውጦት ከጠፋ ደግሞ ሰብታለች፣ የሰባች አትጥልም። አናቷ ላይ ያለውን ሥጋ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ሲሞቅና ሲሞላ ደርሳለች ማለት ነው። በመጨረሻ ከጅራቷ ስር ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ፈለጉ።

«እዚህ ነው ምስጢሩ» አሉኝ። «በመሃላቸው አንድ ጣት ከገባ ገና ልጅ ናት። ሁለት ከገባ ለመጀመር ወር ቢቀራት ነው። ሦስት ከገባ ግን ጀምራለች፤ ያን ጊዜ ባለቤቷ ለምን እንደምትሸጣት ጠይቅ።»

ሴትየዋ አማርኛው ገብቷት ሳቀች።

ብዙዎቹን መለሱ። አንዷ ቀለለቻቸው፤ አንዷ አንድ ጣት ብቻ ሆነች፤ አንዷን ያለምክንያት፣ «ይቺ ጠበኛ ናት፣ ልቧ አያርፍም» ብለው መለሷት። እኔ ዓይኔ ውስጥ የገባችውን፣ ጅራቷ የተንዠረገገ አንዲት ውብ ዶሮ ሳቀብላቸው እግሯን ነክተው ወዲያው መለሱልኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን አምስት ተመረጡ።

ስድስተኛዋን ሴትየዋ ስትሰጣቸው እኔ ጎናቸው ቆሜ ነበር። እግሯ፣ ደረቷ፣ አጥንቷ ሁሉ ልክ ነው፤ «ማሻአላህ፣ ከሁሉ ይቺ ትበልጣለች» አሉ። የዶሮዋ ግራ ዓይን ግን ርሶ ነበር። ጥጉ ላይ ትንሽ ነጭ አረፋ ይታያል፤ ደጋግማም ትጨፍነዋለች። ሴትየዋ ሌላ ለመያዝ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አርባ ዓመት ዶሮ ያረቡ ሰው መርጠው ሲያበቁ፣ የሸዋ በር ዶሮዎች ባለቤት ምን ሊል ነው? አቧራ ገብቶባት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስድስቱንም ቅርጫት ውስጥ አደረግንና ተመለስን።

በሁለተኛው ቀን ያቺ ዶሮ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ይዛ ቆመች። በአራተኛው ፊቷ አበጠ። ለብቻዋ ሳጥን ውስጥ አድርጌ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፤ በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ለሌሎቹም እንድሰጣቸው ነገረኝ። አምስቱ ምንም አልሆኑም። እሷ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ለሴትየዋ ደውዬ ሌሎቹን እንድታይ ነገርኳት፤ እሷም አዝና በሌላ እንደምትተካልኝ ነገረችኝ፣ እንዳለችውም አደረገች። ለእማማ መንገሩ ግን ከበደኝ። ሞቷን ደብቄ ሁሉም ደህና ናቸው ልበላቸው ይሆን እያልኩ ሳመነታ ባለቤቴ፣ «ዓይናቸው ነው እንጂ ልባቸው አልታወረም። ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ።

ሄድኩ። ቤታቸው ውስጥ ባለው የመቀመጫ ደረጃ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ነገርኳቸው።

«የትኛዋ ናት?»

«ስድስተኛዋ።»

ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አነቃነቁ፤ ዶሮዋን እንደገና የሚዳስሱ ይመስሉ ነበር። «እግሯ ለስላሳ ነበር። አጥንቷ ሁለት ጣት ነበር። ምኑን ሳትኩት?»

«ዓይኗ ያነባ ነበር፣ እማማ።»

«ያኔ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን ማረም ድፍረት መሰለኝ።»

ልጃቸው ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ እማማ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው፣ «ያን ያህል ዓመት ልጅ ስታስተምር ኖረህ፣ የተሳሳተን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አክብሮት መሰለህ?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «አውፍ» ብለው ይቅር አሉኝ። ስነሣ ግን እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ዶሮዋ አይደለችም የከነከነችኝ» አሉ። «ሰው እያየ ሳይነግረኝ የሚያልፍ ሌላ ስንት ነገር እንዳለ አላውቅም። ልብሴ ቆሽሾ ይሆናል። ግድግዳው ተልጦ ይሆናል። ልጄ ከስታ ይሆናል።» ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩና፣ ለዓይን ሐኪሙ ንገሪው፣ ከረመዳን በኋላ ይሁን አሏት። ልጃቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወጥቼ ሸዋ በር እስክደርስ ድረስ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር አላወቅሁም ነበር።

ዶሮዎቹ ግን አሁንም አልጀመሩም። እማማ በልጃቸው ስልክ እየደወሉ ይጠይቁኝ ነበር። መንገድ ያንገላታት ዶሮ ትዘገያለች፣ ቦታ አትቀያይርባቸው፣ ውሃ አታቋርጥ፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተህ ከመኖው ቀላቅል ይሉኛል። አንድ ነገር ደግሞ ነገሩኝ፤ ጀርባዋ ላይ እጅህን አሳርፍ፣ ከሸሸች ገና ናት፣ ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ከተቀመጠችልህ ሳምንት አይሞላትም አሉ። በየቀኑ አንድ በአንድ እሞክራቸው ጀመር። ባለቤቴ ከመስኮት እያየች፣ ዶሮ እየባረክህ ነው ወይ ትለኛለች። ይሸሻሉ። አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዷ፣ አንገቷ ላባ የጎደለው፣ ከሁሉ አስቀያሚዋ፣ እጄ እንደነካት ክንፎቿን ዘርግታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። ወዲያው ለእማማ ደወልኩ።

የመጀመሪያው እንቁላል ሰኞ ተጣለ። ትንሽ ነው፣ ቅርፊቱ ላይ ቀጭን የደም ሰረዝ አለበት፤ ለመጀመሪያ እንቁላል የተለመደ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። በመዳፌ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ባለቤቴ አየችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል የሚባል ነገር አፋችን አይገባም።

እንደ ቀልድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስቱም ጀመሩ። በቀን አራት፣ በቀን አምስት ይጥላሉ። ሳህኑ ሞላ፣ ቅርጫቱ ሞላ። ያን ዓመት ረመዳን ከጾማችን ጋር በአንድ ሰሞን ገብቶ ነበርና መውጫው እዚያው ተገኘ፤ የእነሱ ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈታል። በየሁለት ቀኑ ከሰዓት በኋላ እንቁላሉን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ወደ ጀጎል መውረድ ጀመርኩ። የእማማ ልጅ ለማፍጠሪያ ትቀቅለዋለች፤ የተረፈውን ለጎረቤት ታካፍላለች። እማማ ግን ከመቀቀሉ በፊት እያንዳንዱን በእጃቸው ያዩታል። ይህ ከበድ ብሏል፣ ይህ ቅርፊቱ ሳስቷል፣ ቅርፊት ጨምርላቸው ይሉኛል። አንድ ጊዜ ሁለት አስኳል ያለው መሆኑን ሳይሰበር ነገሩን፤ ሲቀቀል እንዳሉት ሆነ። እኔም አንድ ነገር ለምጄ ነበር፤ ገና ስገባ ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ግድግዳዎ በስተግራ ተልጧል፣ ልጅዎ ደህና ናት አልከሳችም፣ ቀሚስዎ ላይ ምንም የለም። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ይጠብቁት ጀመር።

ዒድ ካለፈ በኋላ ቀኑ ደረሰ። በሆስፒታሉ በር ልጃቸው በአንድ ክንድ፣ እኔ በሌላው ይዘናቸው ገባን። ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። የቀኝ ዓይናቸው በመጀመሪያ ተሠራ፤ ከጠበቅነው በቶሎ ወጡ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ የገዛ እጃቸውን አዩ፣ አገላብጠው። ቀጥለው ልጃቸውን አዩ፤ ብዙ አዩዋት። ጉንጯን ዳሰሱና፣ «ሸብተሻል» አሏት። እሷ እያለቀሰች ሳቀች። ወደ እኔ ሲዞሩ ለሰላምታ ጎንበስ አልኩ። «አስተማሪ፣ ጸጉርህ የት ሄደ?» አሉኝ። ስመላለስ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እኛ ቤት መጡ። ባለቤቴ እንቁላሉን በሽንኩርትና በሚጥሚጣ ጠብሳ አቀረበች፤ ጾሙ ካበቃ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሱን ነበር የምንበላው። ከበሉ በኋላ ጓሮ ወጡና ከጊሽጣው ሥር ተቀመጡ። ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ሌላው ዓይናቸው ገና ስላልተሠራ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉ ነበር። አንገቷ የተመለጠው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺንም እኔ ነኝ የመረጥኳት?»

«እርስዎ ነዎት። ከሁሉ ቀድማ የጀመረችው እሷ ናት፤ አሁንም ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት።»

«ያኔ ባያት ኖሮ አልነካትም ነበር» አሉና ፍርፋሪ ወረወሩላት።

ሁለተኛው ዓይናቸው በክረምቱ ተሠራ። ባለፈው ወር ለራሳቸው ግቢ ሦስት ቄቦች እንፈልግ ብለው ጠሩኝና እንደገና ሶፊ ወረድን። በርጩማው ላይ ተቀምጠው አሁንም በእጃቸው ነው የመረጡት፤ ካበቁ በኋላ ብቻ ዶሮዋን ወደ ብርሃን አንሥተው ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ ክንፏ ሥር ያያሉ። እኔም ጎናቸው ቆሜ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ይቺ ጣቷ ላይ ቁስል አለ። ይቺ ላባዋ ደርቋል። «አይቻለሁ አስተማሪ፣ አይቻለሁ» ይሉኛል፤ ግን ዝም በል አላሉኝም።

ሦስቱ ተመርጠው ቅርጫት ገቡ። ባጃጁ ውስጥ ቅርጫቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስን። እማማ መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ እያዩ ነበር፤ ጫቱን፣ ማንጎውን፣ በአህያ የሚወርደውን እንጨት። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ባጃጁን አስቆሙት። ለዶሮዎቹ መጣያ የሚሆን ጭድ ከመንገድ ዳር አይተዋል፤ ወርደው ራሳቸው ሊመርጡ ፈለጉ።